«አንጀቴን የበላው መጽሐፍ»፦ ለመንገደኛ በሚሰጥ የንባብ ምክር ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶችና እውነታው

አንድ ሰው ሩቅ አገር ሊሄድ ነው ሲባል ከቪዛውና ከሻንጣው ወሬ ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ይታወቃል፤ «እንዲህ የሚባለውን መጽሐፍ ሳታነብ እንዳትሄድ፣ እኔ እንባዬ ነው የወረደው!» የምክሩ ማስረጃ የመካሪው እንባ ብቻ ነው። መጽሐፍ ማዋስና መሸጥ ሥራው የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ውሎ ያድራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አንጀት የሚበላ መጽሐፍ አገሩን ያሳውቃል»

የስህተቶቹ ሁሉ አባት ይህ ነው። አፍጋኒስታን ሲባል ሁሉም የሚጠራው በ2003 የወጣውን የካሊድ ሆሴኒን ልቦለድ «ዘ ካይት ረነር» ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ልጆች ብርጭቆ ተፈጭቶ በተቀባ ክር ካይት (በነፋስ የሚበር የወረቀት መጫወቻ) እያበረሩ የባላንጣቸውን ክር ይበጥሳሉ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚያድገው ወዚር አክበር ካን በተባለው የሀብታሞች ሰፈር ሲሆን ዘመኑም 1970ዎቹ ናቸው። ደራሲው በ1976 ከቤተሰቡ ጋር ካቡልን ሲለቅ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። የተመለሰው ከ27 ዓመት በኋላ፣ መጽሐፉን ጽፎ ከጨረሰ ወዲያ ነው። የሶቪየትን ወረራ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱንና የመጀመሪያውን የታሊባን ዘመን የጻፈው ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ነው፤ የታሪኩም ሰፊ ክፍል የሚያልፈው እዚያው ፍሪሞንት በምትባል ከተማ ነው።

ይህ መጽሐፉን አያሳንሰውም። ስደትንና የቆየ ጸጸትን በተመለከተ ግሩም ነው። ዛሬ ለሥራ ካቡል የሚሄድ ሰው ግን ከሱ የሚያገኘው የአንድ የደላው ልጅን ካቡል ነው።

የሰው አገር ስለሆነ ስህተቱ አይታየንም። እኛ ጋ ሲደርስ ወዲያው ይታየናል። አዲስ አበባ ለሚመጣ ፈረንጅ የሚመከረውን የፖላንዳዊውን ጋዜጠኛ የሪሻርድ ካፑሺንስኪን «ዘ ኤምፐረር» ተመልከቱ፤ መጀመሪያ የታተመው በ1978 ነው። የጃንሆይ ውሻ ሉሉ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ሲሸና ጫማውን በሳቲን ጨርቅ መጥረግ ለ10 ዓመት ሥራው የነበረ ሰው እዚያ ይተርካል። ተራኪዎቹ የተጠቀሱት በስማቸው መነሻ ፊደላት ብቻ ስለሆነ ማን እንደሆኑ ማጣራት አይቻልም። ንጉሠ ነገሥቱ የማንበብ ልማድ አልነበራቸውም የሚል ቃልም አለበት፤ በልጅነታቸው ፈረንሳይኛ የተማሩት፣ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን የሕይወት ታሪካቸውን ያሳተሙት ንጉሥ! ፖላንድ ውስጥ ብዙ አንባቢ የተረዳው የራሱን ኮሚኒስት ገዢዎች በቅኔ እንደሚሸነቁጥ ጽሑፍ አድርጎ ነው። እኛ ይህን አንብበን እንስቃለን፣ እንናደዳለን፤ እንግዳው ግን እንዳለ ይቀበለዋል። ስለ አፍጋኒስታን ወይም ስለ ቬትናም ስናነብ እኛም ያው እንግዳው ነን።

ስለዚህ ከመምከር በፊት አሥር ደቂቃ ወስዶ ሦስት ነገር ማየት ነው። አንደኛ፣ ታሪኩ የሚፈጸምበት ከተማና ዓመት፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ይነግራሉ። ሁለተኛ፣ ደራሲው በአገሩ የኖረው ከመቼ እስከ መቼ ነው? የጀርባው ሽፋን ካድበሰበሰው ቃለ መጠይቆቹ ይናገራሉ። ሦስተኛ፣ መጀመሪያ የታተመበት ዓመትና ቋንቋ፤ የቅጂ መብቱ ያለበትን ገጽ ማየት ነው፣ ትርጉም ከሆነ ዋናው ርዕስም ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል። ከሦስቱ ሁለቱ ከመንገደኛው ጉዞ ጋር ካልተገጣጠሙ መጽሐፉን ከጉዞ መልስ ስጡት። የግድ አሁን ካላችሁ፣ ባለፉት አሥር ዓመታት ስለ አገሩ የተጻፈ አንድ የታሪክ ወይም የጋዜጠኛ መጽሐፍ አብራችሁ ስጡት።

«ፊልሙን አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል»

የ2007ቱ «ዘ ካይት ረነር» ፊልም «ካቡል» ብሎ የሚያሳየው በአብዛኛው ቻይና ውስጥ ያለችውን ካሽጋርን ነው።

«በዓይኑ ያላየ ሰው የጻፈው አይረባም»

ናይጄሪያዊቷ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቺ ስለ ቢያፍራ ጦርነት፣ ማለትም ስለ ናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት የጻፈችውን ልቦለድ «ሃፍ ኦቭ ኤ የሎው ሰን»ን ያሳተመችው በ2006 ነው። የተወለደችው በ1977፣ ጦርነቱ ካበቃ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱም ወንድ አያቶቿ ግን በጦርነቱ ጊዜ በስደተኛ ካምፕ ሞተዋል፣ እሷም ያደገችው ታሪኩ በሚጀምርባት በንሱካ ነው። በሌላ በኩል ባኦ ኒን በሰሜን ቬትናም ጦር ውስጥ ተዋግቶ «ዘ ሶሮው ኦቭ ዎር»ን ጻፈ፤ ከብርጌዱ 500 ወጣቶች በሕይወት ከተረፉት አሥር ሰዎች አንዱ ነው። ሁለቱም መጽሐፎች የሚታመኑ ናቸው። ሃኖይ ለሚሄድ ሰው የአሜሪካ ወታደሮችን ልቦለድ ብቻ የምትሰጡ ግን የአገሬውን ድምፅ አስቀርታችሁበታል።

የአዲቺን መጽሐፍ ለሌጎስ ነጋዴ መስጠትም ያው የቦታ ስህተት ነው። ከኢኑጉ በስተሰሜን ያለችው ንሱካና ሌጎስ በቋንቋም በኑሮም ይለያያሉ፤ መጽሐፉ የሚስማማው በኢኑጉ በኩል ለሚገባ ሰው ነው።

«ተሸላሚ ከሆነ አያሳፍርም»

ሸላሚው መንገደኛው የት እንደሚሄድ አያውቅም።

«አውሮፕላን ላይ ያነበዋል»

አያነበውም። ይተኛል፣ ይበላል፣ ፊልም ያያል። በቀን 25 ገጽ ለሚያነብ ሰው 350 ገጽ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ በሥራ የሚባክኑ ቀኖች ስላሉ ከጉዞው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ እጁ ይግባ። በመሸኛው ዕለት የሚሰጥ ወፍራም መጽሐፍ የእጅ ሻንጣ ያከብዳል እንጂ አይገለጥም።

«የሐዘን መጽሐፍ እዚያው ቦታው ላይ ሲነበብ ይበልጥ ይነካል»

ይነካል፣ ግን ሰውየውን ይሰብረዋል፤ አስተናጋጆቹንም ያስቸግራል። ለሩዋንዳ፣ ስለ 1994ቱ የዘር ማጥፋት የተጻፈው የቡባካር ቦሪስ ዲዮፕ «ሙራምቢ» ጥሩ ምርጫ ነው። ሴኔጋላዊው ደራሲ በ1998 ከሌሎች አፍሪካውያን ጸሐፊዎች ጋር ሩዋንዳ ሄዶ የጻፈው ሲሆን በ2000 ታትሟል፤ ከጅቡቲ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ታሪክ አለበት። ሙራምቢ በደቡብ ሩዋንዳ የሚገኝ፣ ሰዎች ተጠልለው የተጨፈጨፉበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ማታ ሆቴል ውስጥ አንብቦ ጠዋት እዚያ መቆም አይመከርም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጨረስ።

ጉዞው ኤፕሪል ላይ ከዋለ የዘር ማጥፋቱ መታሰቢያ የሐዘን ሳምንት ኤፕሪል 7 እንደሚጀምር ንገሩት፤ በዚያ ሳምንት ሙዚቃና ጭፈራ አይኖርም። መጽሐፉ ያነሳበትን ጥያቄ ይዞ ሾፌሩን «አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?» እንዳይል አስጠንቅቁት፤ ከዘር ማጥፋቱ በኋላ ብሔር ከመታወቂያ ላይ ወጥቷል፣ ጥያቄውም ነውር ነው። መጠየቅ የሚፈልገውን፣ ከ250,000 በላይ ሰዎች ያረፉበትን የኪጋሊውን መታሰቢያ ለሚያስጎበኙት ባለሙያዎች ያቅርብ። ጉብኝቱን ጠዋት ያድርገው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ምንም ቀጠሮ አይያዝ።