የማይንድ አመጋገብ ምንድን ነው?

የማይንድ አመጋገብ በዕድሜ መግፋት የሚመጣውን የመርሳት ሕመም ለመከላከል፣ ያ ባይሆን እንኳ ለማዘግየት ይረዳል በሚል ሐሳብ የተዘጋጀ የአመጋገብ ሥርዓት ነው። ሥርዓት የተባለውም አንድን ምግብ ነጥሎ ስለማያወድስ ነው፤ የሚመለከተው ሰው በሳምንት ውስጥ ምን ምን እንደሚበላ፣ ስንት ጊዜ እንደሚበላና ምን እንደሚቀንስ በአንድነት ነው። ስለ አንጎል ጤና የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «ይህን ፍሬ ብሉ፣ ያንን ቅጠል አፍልታችሁ ጠጡ» በሚል መልክ ስለሚሰማ፣ ይህን ልዩነት ከመነሻው መያዝ ይጠቅማል።

የመርሳት ሕመም፣ በሕክምናው አጠራር ዲሜንሺያ፣ አንድ በሽታ አይደለም። የማስታወስ፣ የመናገር፣ የማመዛዘንና ነገሮችን አቀናጅቶ የመሥራት ችሎታ የዕለት ኑሮን እስኪያውክ ድረስ ሲዳከም የሚሰጥ የወል ስም ነው። ከመንስኤዎቹ ዋነኛው ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆነው ምክንያት የሆነው የአልዛይመር በሽታ ሲሆን፣ የአንጎል የደም ሥሮች ጉዳትም ተጠቃሽ ነው፤ በብዙ አረጋውያን አንጎል ውስጥ ሁለቱ ተደራርበው ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር።

ሥርዓቱን የቀረጹት በቺካጎ ከተማ በሚገኘው በረሽ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብና የኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታዎች ስርጭትና መንስኤ ጥናት) ተመራማሪ የነበሩት ማርታ ክሌር ሞሪስና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ለንባብ ያበቁትም በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። መነሻ ያደረጉት ሁለት የቆዩ ሥርዓቶችን ነው፦ አንደኛው በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች የተለመደው የሜዲትራኒያን አመጋገብ፣ ሁለተኛው የደም ግፊትን ለመቀነስ የተዘጋጀው ዳሽ የተባለው አመጋገብ። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን እንዳሉ አልደባለቁም፤ ከአንጎል ጋር የተያያዘ የጥናት ድጋፍ ያለውን እየመረጡ ሌላውን ተዉት። በዚህ የተነሳ በሌሎች ሥርዓቶች ትልቅ ቦታ ያላቸው ፍራፍሬዎች በጅምላ አልተቆጠሩም፤ ነጥብ የሚያሰጡት እንጆሪና የእንጆሪ ዘመዶች ብቻ ናቸው።

የነጥብ አቆጣጠሩ ቀላል ነው። 15 ክፍሎች አሉ፤ አሥሩ የሚበረታቱ፣ አምስቱ የሚቀነሱ ናቸው። የሚበረታቱት አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል፣ ሌሎች አትክልቶች፣ ለውዝና የመሳሰሉት፣ የእንጆሪ ዓይነት ፍራፍሬዎች፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣ፣ የዶሮ ሥጋ፣ የወይራ ዘይትና በቀን አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጅ ሲሆኑ፣ የሚቀነሱት ቀይ ሥጋ፣ ቅቤና ማርጋሪን፣ አይብ፣ ኬክና ሌላ ጣፋጭ እንዲሁም በዘይት የተጠበሰ ፈጣን ምግብ ናቸው። በሳምንት ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ቅጠላ ቅጠል የሚመገብ ሰው አንድ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ የሚበላ ግማሽ ነጥብ ይያዝለታል፤ ከሁለት ጊዜ የማያልፍ ምንም አያገኝም። ዓሣ በሳምንት አንድ ጊዜ ከተበላ ሙሉ ነጥብ ያሰጣል። ቀይ ሥጋ ከሳምንቱ ምግቦች ከአራት ባነሱት ላይ ብቻ ከቀረበ ነጥቡ ሙሉ ነው፤ በየቀኑ የሚበላ ግን ዜሮ ይያዝበታል። ከዝርዝሩ መካከል ዛሬ በጥንቃቄ መታየት ያለበት የወይን ጠጁ ነገር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለጤና ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል የአልኮል መጠን እንደሌለ ስላስታወቀ፣ የማይጠጣ ሰው ለአንጎሉ ብሎ መጠጣት የሚጀምርበት ምክንያት የለም።

ሥርዓቱን ታዋቂ ያደረገው በዚያው በ2015 የወጣው ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ58 እስከ 98 ዓመት የሆኑ 923 ሰዎች በአማካይ ለአራት ዓመት ተኩል ክትትል ሲደረግላቸው 144ቱ በአልዛይመር ተያዙ። ነጥባቸው ከፍተኛ በሆነው ሰዎች ዘንድ በሽታው የታየበት መጠን ነጥባቸው ዝቅተኛ ከሆነው በ53 በመቶ ያነሰ ነበር፤ መካከለኛ ነጥብ ባላቸው ዘንድ ደግሞ በ35 በመቶ አንሶ ተገኘ። መቶኛው በየቦታው ሲጠቀስ «በሽታውን በግማሽ ይቀንሳል» ወደሚል አባባል ተለወጠ። ጥናቱ ግን ይህን አላለም፤ ያሳየው ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸውን ነው።

አብሮ መታየት አንዱ የሌላው መንስኤ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ቅጠላ ቅጠልና ዓሣ አዘውትሮ የሚበላ ሰው ብዙውን ጊዜ የተሻለ የተማረ፣ የተሻለ ገቢ ያለው፣ የማያጨስና አካሉን የሚያንቀሳቅስ ስለሚሆን፣ የትኛው እንደጠቀመው መለየት አስቸጋሪ ነው። ሌላው ችግር ከዚህም የረቀቀ ነው። በአልዛይመር ጊዜ በአንጎል ውስጥ የሚካሄደው ለውጥ ምልክቱ ከመታየቱ ከአሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። ለብቻቸው የሚኖሩ አንዲት እናት የሚገዙትን እየረሱ፣ ድስቱ ሁለት ሦስት ጊዜ አርሮባቸው ምድጃውን እየፈሩ ሲሄዱ፣ ማንም ስለ ሕመም ሳያስብ ምግባቸው ቀስ በቀስ ወደ ዳቦና ሻይ ይወርዳል። በዚያ ወቅት አንድ ጥናት ምን እንደሚበሉ ቢጠይቃቸው ነጥባቸው ዝቅተኛ ይሆናል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕመሙ ሲታወቅም ደካማው አመጋገብ በሽታውን ያመጣው ይመስላል። እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ይህ ጥርጣሬ መሠረት አለው፤ 8,225 የብሪታንያ የመንግሥት ሠራተኞችን ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ለ25 ዓመታት ገደማ የተከታተለውና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በጎልማሳነት በነበረው የአመጋገብ ጥራትና በኋላ በመጣው የመርሳት ሕመም መካከል ግንኙነት አላገኘም።

ጥርጣሬውን ለመፍታት የተሻለው መንገድ ሰዎችን በዕጣ መድቦ ማነጻጸር ነው፤ ይህም ተደርጓል። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ፣ በቤተሰባቸው የመርሳት ሕመም የነበረባቸው 604 ሰዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ ለሦስት ዓመታት አንዱ ቡድን የማይንድን ሥርዓት፣ ሌላው የለመደውን ምግብ ተከተለ፤ ሁለቱም በመጠኑ ካሎሪ እንዲቀንሱ ተደረገ። በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ውጤት የሁለቱም ቡድኖች የአእምሮ ምዘና ውጤት በመጠኑ ከፍ ብሎ ታየ፤ በመካከላቸው ግን ከአጋጣሚ ሊለይ የሚችል ልዩነት አልተገኘም። በእኔ ግምት ይህ ውጤት ሥርዓቱን ውድቅ አያደርግም፣ በቀላልም አይታለፍም። ለአሥርተ ዓመታት ለሚብሰለሰል በሽታ ሦስት ዓመት አጭር ነው፤ ማነጻጸሪያው ቡድንም አምስት ኪሎ ያህል ስለቀነሰ ጤናው ሳይሻሻል አይቀርም። በሌላ በኩል ከባርሴሎና የተገኘ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ አለ፤ በእሱ ውስጥ የሜዲትራኒያንን አመጋገብ ከወይራ ዘይት ወይም ከለውዝ ዓይነቶች ጋር ለአራት ዓመታት ያህል የተከተሉ አረጋውያን ከማነጻጸሪያው ቡድን የተሻለ የአእምሮ ምዘና ውጤት አሳይተዋል። የተለካው ግን የማሰብ ችሎታ እንጂ የመርሳት ሕመም መከሰት አልነበረም።

ምግብ አንጎልን ሊጠቅም የሚችልበት ከሁሉ ይልቅ አሳማኝ መንገድ የደም ሥር ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት ሁለት በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከሰውነት ጉልበት ሃያ በመቶውን ይጠቀማል፤ ይህንንም የሚያገኘው ከፀጉር በቀጠኑ የደም ሥሮች ነው። ደም ግፊት፣ ስኳርና ከፍተኛ ኮሌስትሮል እነዚህን ሥሮች ይጎዳሉ፤ ሦስቱም በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ባቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ሪፖርት፣ ሊቀየሩ ይችላሉ ተብለው በተዘረዘሩት 14 የመርሳት ሕመም አጋላጭ ምክንያቶች ውስጥ ይገኛሉ። አመጋገብ ራሱን ችሎ በዝርዝሩ ውስጥ አልገባም፤ ሆኖም ሦስቱንም በቀጥታ የሚነካ ነው።

በእንክብል መልክ የሚሸጠው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የቢና የኢ ቫይታሚኖች እንዲሁም የዓሣ ዘይት ዓይነት ቅባቶች የመርሳት ሕመምን ለመከላከል ተብለው እንዳይታዘዙ መክሯል። የቢ12 እጥረት በምርመራ የተገኘበት ሰው ግን መታከም አለበት፤ እጥረቱ ራሱ መርሳትን ሊያመጣ ስለሚችል በጊዜ ከተደረሰበት ሊሻሻል ይችላል።

ይህን ሁሉ ሲያነብ «እናታችን የታመመችው ምን አጉድለንባት ነው?» ብሎ ራሱን የሚወቅስ ቤተሰብ እንደሚኖር አውቃለሁ። ዕድሜና የዘር ውርስ ከማንኛውም ምግብ የበለጠ ድርሻ አላቸው፤ በሚገባ ሲመገብ የኖረም ይታመማል። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የነጥቡ ጉዳይ ይቀራል። በዚያ ደረጃ የሚያሰጋው ክብደት መቀነስ ስለሆነ፣ አይብ ወይም ጣፋጭ የሚወድ በሽተኛ አይከለከልም፤ ምግቡ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይቀርብለታል፣ ሳህኑ ከምግቡ የተለየ ቀለም እንዲኖረው ይደረጋል፣ አጠገቡም አብሮት የሚበላ ሰው ይቀመጣል።