ፊኛ ከልጅ ጋር ሲፈጠር የሚያጋጥሙት እክሎች

የሽንት ፊኛ ሥራው ሁለት ነው፤ ሽንት መያዝና በጊዜው ማስወጣት። አንዳንድ ልጆች ግን ፊኛቸው በትክክል ሳይፈጠር ይወለዳሉ። ፊኛው ለሁለት ተከፍሎ ሊፈጠር ይችላል። ግድግዳው ላይ ትንሽ ከረጢት የሚያወጣም አለ።

ቀለል ካሉት አንዱ ከእምብርት ጋር የተያያዘ ነው። ፅንስ እያለ ፊኛንና እምብርትን የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ። ከመወለድ በፊት መዘጋት ይገባዋል። ክፍት ከቀረ ሽንት በእምብርት ይወጣል። ብዙ ሰው የእትብት ቁስል ይመስለዋል። የአራስ እምብርት አልደርቅ ካለ ሐኪም ማየት አለበት።

ከባዱ ግን ፊኛው ተገልጦ ከሆድ ውጭ የሚታይበት ነው። ከ30,000 እስከ 50,000 ልጆች ሲወለዱ አንዱን ያጋጥማል፤ ወንዶች ላይ ይበዛል። የታችኛው ሆድ ሳይገጥም ይቀራል፣ የዳሌ አጥንቶችም ከፊት ይራራቃሉ። ሽንት ያለማቋረጥ ይንጠባጠባል። ወላጆች ይደነግጣሉ፤ እናትም ራሷን ትወቅሳለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ልትሰማው ይገባል።

በእርግዝና ጊዜ አልትራሳውንድ ፍንጭ ይሰጣል። የእንሽርት ውሃው በቂ ሆኖ ሳለ የሞላ ፊኛ ደጋግሞ ከታጣ ሐኪሙ ይጠረጥራል። ኩላሊት ሽንት እየሠራ ነው፤ ፊኛው ግን አይዘውም ማለት ነው።

ልጁ እንደተወለደ ፊኛው በስስ ንጹሕ ፕላስቲክ ይሸፈናል። የቁስል ጋዝ (ፋሻ) ወይም ጨርቅ ግን አይደረግበትም፤ ይጣበቅበታል። እትብቱም በመቆንጠጫ ሳይሆን በክር ይታሰራል፤ መቆንጠጫ ስሱን ሥጋ ይፍቀዋል። ላቴክስ ከሚባል ጎማ የተሠራ ጓንት ባይነካው ይመረጣል፤ እነዚህ ልጆች ለላቴክስ አለርጂ ይጋለጣሉ።

ቀጥሎ ቀዶ ጥገናው ይመጣል። ፊኛው ወደ ውስጥ ተመልሶ ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜ የዳሌው አጥንት ተቆርጦ ይጠጋጋል። የመጀመሪያው ሙከራ ወሳኝ ነው። ከተሳካ ፊኛው የማደግ ዕድል አለው፤ ከተበላሸ ቀጣዩ ሁሉ ይከብዳል። ስለዚህ የልጁ ሁኔታ ከፈቀደ፣ ከመቸኮል ልምድ ያለው ቡድን ዘንድ እስኪደርስ መጠበቁ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሽንት መቆጣጠር ግን ዓመታት ይፈጃል። ኩላሊቱም በየጊዜው መታየት አለበት። ፊኛው ትንሽ ሆኖ ከቀረ ከአንጀት በተወሰደ ቁራጭ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ ሽንቱ በቀን ብዙ ጊዜ በቀጭን ቱቦ ይወጣል። ይህን ንጹሕ አሠራር አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስ በ1972 እ.ኤ.አ. አስተዋወቀ። በ1980 ደግሞ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ሚትሮፋኖፍ ትርፍ አንጀትን ከፊኛ ወደ ሆድ ቆዳ የሚያወጣ መተላለፊያ አደረገው። ቀዳዳው እምብርት ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። ልጁ ቱቦውን በዚያ አስገብቶ፣ የማንንም እርዳታ ሳይጠይቅ ራሱ ይሸናል።