ቸርኬ ምንድን ነው? የእሑድ ብስክሌተኛስ ምን ዓይነቱን ይግዛ?

«ጎማ ልቀይር ነው» አለኝ ጓደኛዬ። እሑድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ውሃ እየጠጣን ነበር። ዞር ብዬ ብስክሌቱን አየሁት። ጎማው ገና አዲስ ነው። ስልኩን አውጥቶ ሲያሳየኝ ነገሩ ገባኝ። ሊቀይር ያሰበው ቸርኬውን ነው። ጥቁር፣ ሰፊ ግድግዳ ያለው የካርቦን ቸርኬ። ዋጋው ደግሞ ከብስክሌቱ ይበልጣል።

እኛ ጎማ ስንል ሁሉንም ጠቅልለን ነው። ጎሚስታ ጋ ሄደን «ጎማ ተነፈሰብኝ» እንላለን፤ የተነፈሰው ግን ካላማዳሪው ነው። እንለያቸው። አስፋልቱን የሚነካው ላስቲክ ጎማ ነው። በውስጡ አየር የሚይዘው ካላማዳሪ። ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ቸርኬ። መሃል ላይ በኩሽኔታ የሚሽከረከረው ሞዞ። ሞዞውንና ክቡን የሚያያይዙት ደግሞ ቀጫጭን ሽቦዎች። ገዢና ሻጭ «ቸርኬ» ሲሉ ግን ብዙ ጊዜ ክቡን፣ ሽቦውንና ሞዞውን አንድ ላይ ነው። እኔም እንደነሱ ልጠቀምበት።

ሽቦዎቹ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሚስጥሩ ያለው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ሽቦዎቹ እንደ ቤት ምሰሶ ከታች ደግፈው የሚይዙን ይመስለዋል። ቀጭን ሽቦ ግን ከላይ ሲጫኑት ይታጠፋል እንጂ አይሸከምም። ሥራውን የሚሠራው ተወጥሮ ነው። በደንብ የተሠራ ቸርኬ ላይ እያንዳንዱ ሽቦ አንድ ኩንታል የተንጠለጠለበት ያህል ይወጠራል። ስንቀመጥ ከታች በኩል ያሉት ትንሽ ይላላሉ። ዞረው ወደ ላይ ሲወጡ ተመልሰው ይወጠራሉ። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይህ ወደ 475 ጊዜ ይደጋገማል። ሽቦ በአብዛኛው የሚበጠሰውም በዚህ ድካም ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ መቁረጫ ስናጣ ወዲህ ወዲያ እያጠፍን እንደምንበጥሰው ማለት ነው። የላላ ሽቦ ደግሞ ከተወጠረው ቀድሞ ይሄዳል። ብዙዎች «አጥብቄው ነው የተበጠሰው» ይላሉ፤ ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። እንደ ክራር ክር በጣት ነካ ነካ ማድረግ። በአንድ ወገን ያሉት ሽቦዎች ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። አንዱ ድፍን ያለ ድምፅ ካሰማ ላልቷል። የኋላው ቸርኬ ላይ በማርሹ በኩል ያሉት ከግራዎቹ ቀጠን ያለ ድምፅ ቢያወጡ ግን አትደንግጡ። ማርሹ ቦታ ስለሚወስድ በዚያ በኩል ያሉት የበለጠ ይወጠራሉ።

ስለዚህ አንድ ቸርኬ ሳይ መጀመሪያ የምቆጥረው ሽቦውን ነው። ለውድድር የተሠሩት 20 ወይም 24 ሽቦ ይኖራቸዋል። ለእኛ ዓይነቱ 28 ወይም 32 ይሻላል። ይህን የተማርኩት በእግሬ ነው። አንድ ጊዜ 20 ሽቦ ያለው ያገለገለ ቸርኬ ገዛሁ። ከእንጦጦ ስወርድ ሽሮ ሜዳ ጋ አንዷ ሽቦ ጧ አለች። ቸርኬው ወዲያው ተወላገደ፣ ፍሬኑ ላይ እየተፋተገ አልዞር አለ። ተሸክሜው እስከ ስድስት ኪሎ በእግሬ። ከዚያ የባሰው ሽቦው ነው። የተለየ ቅርጽ ስለነበረው በየሱቁ ብዞር የሚገጥም አጣሁ። 32 ሽቦ ቢኖረው ኖሮ የፍሬኑን ጥርስ ከፈት አድርጌ ቀስ እያልኩ ቤቴ እደርስ ነበር። ጫፉ ጎበጥ ያለው ተራ ሽቦ ደግሞ መርካቶ ብትሄዱ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ካርቦን። የሰፊው ግድግዳ ሥራ አየሩን በቀላሉ መሰንጠቅ ነው። ይሠራል፣ አልክድም። ግን ለማን? ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመግፋት በየሰከንዱ የምናወጣው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ጥቅሙ የሚታየው በጣም ለሚፈጥን ሰው ነው። እኛ ከሜክሲኮ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ካዛንቺስ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሄድን ተመስገን ነው። ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። እኛን የሚያስቸግረን አየሩን መግፋት አይደለም፤ የሚስብ አየር ማጣት ነው።

«ቀላልነቱስ?» አለኝ። እሺ፣ እናስላው። ካርቦኑ ከአሉሚኒየሙ 200 ግራም ይቀልላል እንበል። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢሆኑ ልዩነቱ ሩብ በመቶ ነው። ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ የእንጦጦ ዳገት ላይ የሚያተርፈው አምስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። የውሃ ኮዳውን ግማሹን ቢጠጣው ያንኑ ያህል ይቀልለታል።

ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ለእሱ ዓይነቱ አምስት ሰከንድ ትልቅ ነገር ናት። ግን ከኋላው መለዋወጫ ቸርኬ የጫነ የቡድን መኪና ይከተለው ነበር። እኛን የሚከተለን ሚኒባስ ነው።

ፍሬኑም አለ። የጓደኛዬ ብስክሌት በጎማ ጥርስ ክቡን ግራና ቀኝ የሚይዝ ፍሬን ነው ያለው። ቁልቁለት ላይ ረጅም ጊዜ ሲያዝ ክቡ ይግላል። አሉሚኒየም ሙቀቱን ቶሎ ይበትናል። የካርቦኑን ክሮች የሚያጣብቀው ሙጫ ግን ከልክ በላይ ሲግል ሊለሰልስ ይችላል። በክረምት ዝናብ ደግሞ በዚህ ዓይነት ፍሬን አሉሚኒየም ይሻላል። የዲስክ ፍሬን ላለው ይህ ጭንቀት የለም። አሉሚኒየምም ቢሆን እድሜ አለው፤ ጭቃና አሸዋ ከፍሬኑ ጋር ሆነው ይበሉታል። ጎኑን በጣት ስትዳስሱት ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ጊዜው አልፏል።

እኔ ብሩን ቢሰጡኝ የጎማው መቀመጫ ስፋት ላይ ነው የማውለው። የድሮ ኮርስ (የእሽቅድድም) ብስክሌት ቸርኬ ውስጡ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአሁኖቹ 19 ወይም 21 ናቸው፤ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ በደንብ ይቀመጥባቸዋል። ሰፊ ጎማ በትንሽ አየር ይሄዳል። የኮሪደር ልማቱ አዲስ የብስክሌት መንገድ ላይ ልዩነቱ ብዙ አይሰማም። ወደ ሰፈር ታጥፋችሁ ኮብልስቶኑን ስትይዙ ግን ወገባችሁ ይነግራችኋል። ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት ብስክሌቱ 28 ጎማ የሚያስገባ ክፍተት እንዳለው ለኩ። አንዳንዱ የቆየ ብስክሌት ከ25 በላይ አያስገባም።

የሚገጥም መሆኑንም እዩ። የኮርስ ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ 622 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ቸርኬው ላይም ያው መሆን አለበት። የኋላው ሞዞ ስፋት በአብዛኛው ክቡን በሚይዝ ፍሬን 130፣ በዲስክ 142 ሚሊ ሜትር ነው። የማርሹ ቁጥርም መስማማት አለበት። አሮጌውን ቸርኬ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይቀልላል።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ካርቦኑን ተወው። ባለ 32 ሽቦ አሉሚኒየምና ጥንድ ጥሩ ጎማ ገዛ። ሱቁ ውስጥ ያደረግነው ይህ ነው። ቸርኬውን በአክሲሉ ይዘን አሽከረከርነው፣ ግራ ቀኝ ይላል ወይ ብለን። ኩሽኔታው እንዳይንገራገጭ አክሲሉን በጣት ቀስ ብለን አዞርነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካካናቸው። ሻጩ «ቸርኬ ነው ወይስ ክራር ነው የምትገዙት?» ብሎ ሳቀብን። ዋጋ የጠየቅነው ከዚያ በኋላ ነው።