በመጠባበቂያ ፓራሹት ላይ ያልተመዘገበ ማሻሻያ ምንድን ነው?

ጦሳ ላይ ወጥቶ ደሴን ቁልቁል ያየ ሰው «ከዚህ ተንሳፍፎ መውረድ ቢቻል» ማለቱ አይቀርም። ይቻላል፤ ፓራግላይዲንግ የሚባለው ስፖርት ይኸው ነው። ዕቃው ግን ውድ ነው። እንበልና አንድ የደሴ ልጅ ውጭ ያለች እህቱን ለምኖ ያገለገለ ዕቃ በሻንጣ መጣለት። ክንፉ አለ፣ መቀመጫው አለ። ዋናው ክንፍ ከከዳ ተጎትቶ በእጅ የሚወረወረው መጠባበቂያ ፓራሹትም አለ። ባለሙያ ይህን መጠባበቂያ ለምርመራ ሲፈታው ፋብሪካ ያልሰፋው ስፌት ያገኛል። ማን ሰፋው? መቼ? ለምን? ወረቀቱ ላይ ምንም የለም።

ያልተመዘገበ ማሻሻያ የሚባለው ይህ ነው። ዕቃው አምራቹ ካወጣለት ንድፍ ተለውጧል፤ ማን እንደፈቀደውና ማን እንደሠራው ግን የተጻፈ ነገር የለም።

ከጥገና ጋር እንዳይምታታ። የተቀደደውን በዚያው ዓይነት ጨርቅና ክር፣ በመመሪያው መሠረት ወደ ነበረበት መመለስ ጥገና ነው። እጀታውን በሌላ ድርጅት እጀታ መተካት፣ ማሰሪያ ማስረዘም፣ ላስቲክ ወይም ኪስ መጨመር ግን ንድፉን መቀየር ነው።

ሹፌሮች ነገሩን ቶሎ ይረዱታል። ሀረጎን የሚወርድ አይሱዙ ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ የድሮው የሞተር ቁጥር ቢገኝ፣ አዲሱ ሞተር ጤነኛ መሆኑ ብቻውን ቦሎ አያሰጠውም። መጀመሪያ «ይህ ከየት መጣ?» ይባላል።

«ስፌቱ እኮ ቆንጆ ነው» የሚል ክርክር ሁሌም ይነሳል። እውነት ሊሆን ይችላል። ሙጋድ ያለ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ቢያየው የሰፊውን እጅ ያደንቅ ይሆናል። ችግሩ ፓራሹት ላይ ጠንካራ ስፌት ሁልጊዜ ጥሩ ስፌት አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ ክር እንዲበጠስ ታስቦ የተሰፋ ነው። የሰማይ ዘላዮች መጠባበቂያ የሚታሸግበት ቀይ ክር ለምሳሌ 5 ፓውንድ እንኳን በማይሞላ ጉልበት ይበጠሳል፤ መበጠስም አለበት። አንድ ደግ ሰው «ይጠንክርልህ» ብሎ ወፍራም ክር ቢተካበት፣ የዘላዩ እጅ በጭንቅ ሰዓት የሚታገለው ከዚያ ክር ጋር ነው። መርፌ በገባበት ሁሉ ጨርቁ ቀዳዳ ያተርፋል። ሁለት ንብርብር አብሮ ከተሰፋ ደግሞ መከፈት ያለበት ነገር አይከፈትም።

የመጠባበቂያውን ከረጢት ዘግታ የምትይዘውን ቀለበት ተመልከቱ። አጭር ገመድ ናት። ከሚገባው ከረዘመች በውስጧ የሚያልፈው የመዝጊያ ፒን ይላላል፣ ፓራሹቱም ባላሰቡት ሰዓት ሊወጣ ይችላል። ካጠረች መጎተቱ ይከብዳል። አሜሪካኖች ለሰማይ ዝላይ ያወጡት መስፈርት የመጎተቻው ጉልበት ከ22 ፓውንድ፣ ማለትም ከ10 ኪሎ ገደማ እንዳይበልጥ ያዛል።

ለወሎ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ከፍታው። ኢኤን 12491 የተባለው የአውሮፓ መስፈርት የፓራግላይዲንግ መጠባበቂያ ሙሉ ክብደት ተሸክሞ በሰከንድ ከ5.5 ሜትር በላይ እንዳይወርድ ይጠይቃል። ይህ በባሕር ወለል ደረጃ የሚሰላ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ያው ፓራሹት፣ ያው ሰው እዚህ በሰከንድ 6.2 ሜትር ያህል ይወርዳል። ተራራው ራሱ ከመጠባበቂያው አቅም ላይ ቀንሷል ማለት ነው። በዚያ ላይ ማንም ያልለካው ለውጥ መጨመር ለእኔ ድፍረት ነው።

ታዲያ ባለሙያው ምን ያደርጋል? ከሁሉ በፊት እጁን ይሰበስባል። ስፌቱን ቶሎ መፍታት ማስረጃውን ማጥፋት ነው። ፎቶ ያነሳል፣ ይለካል፣ የሞዴሉን ስም፣ መለያ ቁጥሩንና የተሠራበትን ቀን ይጽፋል። ቀጥሎ የአምራቹን መመሪያና በየጊዜው የወጡ የደህንነት ማስታወቂያዎችን ያገላብጣል። ይህ እርምጃ ባይዘለል እወዳለሁ፤ አንዳንዴ «እንግዳ» የመሰለው ስፌት አምራቹ ራሱ ያዘዘው ማስተካከያ ሆኖ ይገኛልና። የጎደለው ፊርማ ብቻ ይሆናል። መልስ ካጣ ከነፎቶው ለአምራቹ ይጽፋል። የሚመጣው መልስ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ለውጡ ይጸድቃል፣ ሥልጣን ባለው ሰው ወደ መጀመሪያው ንድፍ ይመለሳል፣ ወይም ዕቃው ከአገልግሎት ይወጣል።

በአሜሪካ የሰማይ ዝላይ ሕግ ሥልጣኑ በግልጽ ተለይቷል። ከሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠራ መጠባበቂያ ከዝላዩ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ታጥፎ መታሸግ አለበት። ይህ ባለሙያ ሪገር ይባላል፤ ሁለት ደረጃም አለው። ሲኒየር ሪገር ያጥፋል፣ ቀላል ጥገናም ያደርጋል። ንድፍ መቀየር ግን የበላዩ የማስተር ሪገር ፋንታ ነው፤ እሱም ቢሆን አምራቹ ወይም የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ባልፈቀደው መንገድ አይነካም። የሥራውንም መዝገብ ቢያንስ 2 ዓመት ያቆያል።

ከባዱ ክፍል ከባለቤቱ ጋር ያለው ንግግር ነው።

«ወንድምዬ፣ ይህን አላሽገውም።»

«እንዴ ጋሼ! ስንት ዓመት ሠርቷል እኮ!»

አልሠራም። መጠባበቂያ ሠራ የሚባለው ተወርውሮ ሲከፈት ነው። ሳይፈታ ዓመታት የተቀመጠ ፓራሹት ስለ ስፌቱ ምንም አልመሰከረም።

ባለሙያው ዕቃውን መቅደድ ወይም መውረስ አይችልም፤ የሰው ንብረት ነው። ማድረግ የሚችለው ሳያጥፍና ሳያሽግ መመለስ ነው። ያገኘውን ነገር ከነቀኑና ከነፊርማው በጽሑፍ ይሰጣል፣ አንድ ቅጂም ለራሱ ያስቀራል። ባለቤቱ ተናዶ ወደ ሌላ ባለሙያ ቢወስደው እንኳ፣ ለውጡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢያንስ አንድ ቦታ ተጽፎ ይገኛል።