ቱላሬሚያ ሳንባ ሲይዝ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ቱላሬሚያ የሚባለውን በሽታ ብዙዎቻችሁ ላትሰሙት ትችላላችሁ፣ የጥንቸል ትኩሳትም ይሉታል። ፍራንሲሴላ ቱላሬንሲስ በምትባል ባክቴሪያ ነው የሚመጣው፣ ስሙ የመጣው ካሊፎርኒያ ካለው ቱላሬ ካውንቲ ነው፣ እዛ እ.ኤ.አ. በ1911 መሬት ቆፍረው በሚኖሩ ሽኮኮዎች ላይ ስለተገኘ። ቆዳም አይንም ጉሮሮም ይይዛል ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሳንባ ላይ ሲወጣ ነው፣ ምክንያቱም በጣም የሚከፋውም ሀኪም ቶሎ የማይጠረጥረውም እሱ ነው።

«ጥንቸል ካልነካሁ አይዘኝም»

ስሙ ነው ሰውን የሚያሳስተው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሰመር ላይ ማሳቹሴትስ ውስጥ ማርታስ ቪንያርድ በምትባል ደሴት 15 ሰው ታመመ፣ ከነሱ 11ዱን የያዛቸው ሳንባቸው ላይ ነበር፣ አንድ ሰውም ሞቷል። ሲጠና ጎልቶ የወጣው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ከመታመማቸው በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ሳር ማጨዳቸው ወይ ቁጥቋጦ በማሽን መመንጠራቸው ነው። ባክቴሪያዋ አፈርና ሳር ላይ ትቆያለች፣ ማሽኑ አቧራውን ሲያቦነው ሰው በትንፋሹ ይስባታል፣ ለመታመም ደግሞ ከ10 እስከ 50 የምትሆን ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ብትገባ ይበቃል። አሜሪካ የግቢና የሳር ስራ የምትሰሩ ወገኖች ይቺን ልብ በሏት፣ ከማጨዳችሁ በፊት ሳሩ ውስጥ የሞተ እንስሳ እንዳለ እዩ፣ በማሽን አትሂዱበት።

መዥገርና ተናካሽ ዝንብም ያስተላልፉታል።

«ሳል ከሌለኝ ሳንባዬ ደህና ነው»

ይሄ ትልቁ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 እና 67 ስዊድን ውስጥ ገበሬዎች የሜዳ አይጥ የበከለውን ድርቆሽ ሲያገላብጡ አቧራውን ስበው ከ600 ሰው በላይ ታሞ ነበር። በአየር ያዛቸው ተብለው በምርመራ ከተረጋገጡት 140 ሰዎች ውስጥ የሳንባ ምች ምልክት ማለትም የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት የታየባቸው 14ቱ ብቻ ናቸው፣ ሌሎቹ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና ድካም ነበር ያላቸው። ስለዚህ በትንፋሽ ገብቶም መጀመሪያ ልክ ጉንፋን ሊመስል ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያዋ ከገባች ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይጀምራል ግን ለመጀመር እስከ 14 ቀንም ሊቆይ ይችላል።

ለምን እንዲህ እንደሚደበቅ ልንገራችሁ። ሳንባ ውስጥ ባሉት ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ማክሮፌጅ የሚባሉ ጠባቂ ሴሎች አሉ፣ የገባውን ጀርም ውጠው ይፈጩታል። ይቺ ባክቴሪያ ግን ስትዋጥ አትፈጭም፣ እዛው ጠባቂው ሆድ ውስጥ ትራባለች፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነት በቅጡ ሳይነቃባት ብዙ ትሆናለች፣ ከዛ ሴሉን ገድላ ትወጣና ወደሌላው ትሄዳለች። ሰውነት ሲነቃ ነው እንግዲህ ቁጣው የሚመጣው፣ ሳንባው ይቆስላል፣ በሁለቱ ሳንባ መሀል ያሉት እጢዎች ያብጣሉ፣ አንዳንዴ ሳንባን በሸፈነው ስስ ሽፋን ውስጥ ውሃ ይቋጠራል።

«በቆዳ ከገባ ቆዳ ላይ ይቀራል»

አይቀርም። መዥገር ነክሶት ቁስልና ንፍፊት የወጣበት ሰው ካልታከመ ባክቴሪያዋ በደም ሄዳ ሳንባ ልትይዝ ትችላለች።

«ኤክስሬዩ ቲቢ ነው ካለ ቲቢ ነው»

ያበጠ እጢ፣ የተቋጠረ ውሃ፣ ሳንባ ላይ ጥላ፣ ይሄ ሁሉ ቲቢም ካንሰርም ይመስላል። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ይሄን ይዞ ቢቀርብ ሀኪሙ መጀመሪያ ቲቢ ማሰቡ ተገቢ ነው፣ መመርመርም አለበት፣ ግን «ባለፈው ሳምንት ሳር ሳጭድ ነበር፣ የሞተ ጥንቸል አይቻለሁ» ብላችሁ ካልነገራችሁት እሱ ከየት ያውቃል? ሳትጠየቁም ንገሩት።

«ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል»

አይተላለፍም፣ ሳንባ ላይ ቢሆን እንኳን። ስለዚህ በሽተኛውን አትሽሹት፣ ምግብ አብሉት፣ አጠገቡ ተቀመጡ። ሀኪሙ ግን ገና ቲቢ ነው አይደለም እያለ ከሆነ እስኪለይ የሚላችሁን ስሙ።

«አሞክሳሲሊን ወስጄ ይለቀኛል»

ፔኒሲሊንና የሱ ዘመዶች፣ ሆስፒታል የሚወጋው ሴፍትሪያክሶን ጭምር፣ ለዚህ በሽታ አይሰሩም። የሳንባ ምች ተብሎ በነሱ ሲታከም ሰንብቶ ትኩሳቱ አልበርድ ያለው ሰው ካለ ይሄንን መጠርጠር ነው። የሚሰሩት ጄንታማይሲን፣ ሀገር ቤት በቲቢ መድሀኒትነቱ የምናውቀው ስትሬፕቶማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ናቸው፣ እንደ መድሀኒቱ ከ10 እስከ 21 ቀን ይወሰዳል፣ ተሻለኝ ብሎ መሀል ላይ ማቆም የለም።

«ሳንባ ከያዘ በቃ ሞት ነው»

ድሮ አንቲባዮቲክ ሳይኖር ሰሜን አሜሪካ ያለው ከባዱ አይነት ሳንባ ሲይዝ ከ100 ሰው ከ30 እስከ 60 ይገድል ነበር። አሁን በአጠቃላይ በቱላሬሚያ የሚሞተው ከ100 ከ2 በታች ነው፣ አውሮፓና እስያ ያለው አይነት ደግሞ ከመጀመሪያውም ቀለል ይላል።

«ደሜ ተመርምሮ ነጌቲቭ ነኝ»

በመጀመሪያው ሳምንት ከሆነ የተመረመራችሁት ያ ብዙ አያስተማምንም፣ ምርመራው የሚፈልገው አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ባክቴሪያዋን ለመከላከል የሚሰራው ነገር፣ ደም ውስጥ እስኪታይ ሁለት ሳምንት አካባቢ ይፈጃል፣ ለዛ ነው ከሳምንታት በኋላ ድጋሚ ደም የሚወሰደው፣ ህክምናው ግን ያንን ሳይጠብቅ ይጀመራል። አክታ ወይ ደም ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያዋን ላቦራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ አሳድጎ ለመለየት፣ የሚላክ ከሆነ ሀኪሙ ላቦራቶሪውን ቱላሬሚያ ጠርጥሬያለሁ ብሎ ማስጠንቀቅ አለበት፣ ምክንያቱም ሳህን ላይ ያደገችውን ባክቴሪያ ሳያውቁ ከፍተው በትንፋሽ የሳቡ የላቦራቶሪ ሰራተኞች በተደጋጋሚ ታመዋል።