ችላ ያልናቸው መበለቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ጥቅምት 17 ቀን የሊቀ ዲያቆናት የቅዱስ እስጢፋኖስን በዓለ ሢመት አክብረን ወደየቤታችን ተመልሰናል። በመስቀል አደባባይ ዳር ባለው ደብሩ ዙሪያ ነጠላችንን አጣፍተን፣ በዘመነ ጽጌው ማኅሌት ደስ ተሰኝተን፣ ታቦቱንም በእልልታ አጅበን ዋልን። እኔ ግን ከዚያ በዓል ወዲህ እንቅልፍ ያጣሁበት አንድ ቃል አለ፤ ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለ እርሱ ነው።

ቅዱስ እስጢፋኖስ ሲባል በሁላችን ልቡና የሚመጣው ድንጋይ የሚወርድበት፣ ሰማያት ተከፍተው የሰውን ልጅ በእግዚአብሔር ቀኝ ቆሞ የሚያየው ሰማዕት ነው። ቅዱስ ሉቃስ ግን እርሱን ወደ ታሪኩ ያስገባው በሌላ በር ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ቁጥር 1 ላይ ከግሪክ አገር መጥተው የነበሩት አይሁድ በይሁዳ በኖሩት ላይ እንዳንጐራጐሩ ይነግረንና ምክንያቱን ሲገልጽ «የዕለት ዕለቱን አገልግሎት ከመስጠት መበለቶቻቸውን ችላ ይሉባቸው ነበርና» ይላል። የቅዱስ እስጢፋኖስ ሹመት የተጀመረው እንግዲህ ከጉርምርምታ ነው፤ እንጀራ ካልደረሳቸው ከአሮጊቶች ኀዘን ነው።

ይህ የሆነው በየትኛው ጉባኤ እንደሆነ አስተውሉ። በአንድ ቀን ሦስት ሺህ ነፍስ በተጨመረበት፣ «አንድ ልብ አንዲትም ነፍስ አሏቸው» በተባለለት፣ ያላቸውን እየሸጡ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ባኖሩት ምእመናን መካከል ነው። ጸሎታቸው እንደ ቀድሞው ነበረ፣ ቍጥራቸውም በየቀኑ ይጨምር ነበር፤ ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ ግን ከማዕዱ ዳር የተቀመጡት ሴቶች ከዓይን ወጡ። ማንም አስቦ አልበደላቸውም ይሆናል። መጽሐፍ የተጠቀመበት ቃል ግን አጠፉባቸው፣ ሰረቋቸው የሚል ሳይሆን «ችላ አሏቸው» የሚል መሆኑ ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ቃል ከተያዝን ከመካከላችን ማን ያመልጣል?

ሐዋርያት ያጉረመረሙትን «ሰይጣን ነው የሚያናግራችሁ» ብለው አልገሠጹም፤ ስሞታው እንዳይሰማ በጓዳም አልደበቁትም። ሕዝቡን ሁሉ ጠርተው በመልካም የተመሰከረላቸውን፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጡ አዘዙ። የተመረጡትም እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜናና የአንጾኪያው ኒቆላዎስ ናቸው። ስሞቻቸው ሁሉ የግሪክ ስሞች ናቸው፤ ማዕዱ ቅር ለተሰኘው ወገን አደራ የተሰጠ ይመስላል። ሐዋርያትም ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። ለመበለቶች እንጀራ ለማደል መንፈስ ቅዱስ የሞላበት ሰው ተፈለገ፤ እኛ ግን በየሰንበቱ በማኅበር ተሰብስበን በተራ የምናዘጋጀውን የሰንበቴውን ዳቦ የሚያድለው ማንም ይሁን ማን ግድ አይሰጠንም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። የሰንበቴያችን መዝገብ ያዥ እኔ ነኝ። ከአባሎቻችን መካከል እኔ ገና ሳልወለድ ጀምሮ ከሰንበቴው ያልተለዩ አንዲት ባልቴት እናት አሉ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሲነሣ እንደ ብዙዎች ጎረቤቶቻቸው ከከተማው ዳር ቤት ተሰጥቷቸው ሄዱ። በመጀመሪያ ሁለት ታክሲ እየቀያየሩ፣ ዳቧቸውን በመሶብ ይዘው ይመጡ ነበር። ከዚያ አንድ ሰንበት ቀሩ፣ ሁለት ቀሩ፣ ተራቸው ደርሶም ሳይመጡ ቀሩ፤ መዋጮአቸውም ተጠራቀመ። ደንቡ ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዝ ይላልና ስማቸው ላይ መስመር ያሰመርኩት እኔ ነኝ። በሰዓቱ ሥራዬን በአግባቡ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አንድ ወንድማችን ይህን ሲያይ በሰው ፊት «ስልክ ደውለህ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አልደወልኩም ነበር። እውነቱን ስለነገረኝ ተቀየምኩት፤ ስምንት ወር ሙሉ ሰላም አላልኩትም። በእነዚያ ወራት ሁሉ ቅዳሴ አስቀድሻለሁ። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» እያለ እርስ በርሳችን በተቀደሰ ሰላምታ እጅ እንድንነሣሣ ሲያዝዝ፣ እርሱ በቀኜ ቢቆም ወደ ግራዬ ጎንበስ እላለሁ። ከሕዝቡ ጋርም «ክርስቶስ አምላክነ ረስየነ ድልዋነ» እላለሁ፤ ሰላምታውን እንድንሰጣጣ የተገባን አድርገን እያልኩ እየለመንኩ ፊቴን አዞራለሁ። ይህ ልማድ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለንስሐ አባቴ ብቻ ነግሬ ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን በየዐውደ ምሕረቱ አያለሁ፤ በአንድ ጽዋ ማኅበር ጠጥተው የማይነጋገሩ፣ በአንድ መዘምራን ቆመው የተኳረፉ፣ በጾም ከሥጋና ከወተት ተከልክለው ወንድማቸውን በስልካቸው መልእክት የሚበሉ ስንት ናቸው! ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው ለማን ይመስለናል?

ከበዓሉ በኋላ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ይህን ሁሉ ተናዘዝኩ። ስግደትና ጾም ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ «በመጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ፤ ቀጥሎ እኚያን እናት ፈልጋቸው፤ ቀኖናህን ከዚያ በኋላ እነግርሃለሁ» አሉኝ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስሄድ ሦስት ጊዜ ልመለስ አሰብኩ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠኝ፤ አላቀፈኝም፣ ግባም አላለኝም። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «እሳቸውንስ?» አለኝ። በማግስቱ አብረን ሄድን። እናታችን አሟቸው ነበር፤ ጉልበታቸው ታስሮ ከአልጋ መውረድ ካቆሙ ወራት አልፏል። ስማቸውን እንደሰረዝኩ ስነግራቸው አለቀሱ፤ የሚያለቅሱት ግን ስለ መዝገቡ አልነበረም። «ከደጁ የራቅሁት በኃጢአቴ ነው ብዬ ነበር» አሉ። እኛ ችላ ያልናት ነፍስ እግዚአብሔር የጣላት መስሏት ወራት ሙሉ ብቻዋን ኖረች። ይህን እንዴት አድርጌ እንደምሸከመው አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰማዕቱን የመጨረሻ ጸሎት ሳነብ በሌላ ዓይን አያለሁ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ኃጢአት አትቍጠርባቸው» ያለው፣ ድንጋይ ሲዘንብበት በድንገት የይቅርታ ሰው ስለሆነ አይመስለኝም። ያ ልብ ቀድሞ በማዕዱ አጠገብ፣ ቅር የተሰኙትን አሮጊቶች በየቀኑ እያገለገለ፣ የሁለቱንም ወገን ስሞታ እየሰማ የለሰለሰ ልብ ነው። የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ የነበረው ሳውልም በኋላ ጳውሎስ ሆኗል፤ አባቶቻችንም የእስጢፋኖስ ጸሎት ጳውሎስን ለቤተ ክርስቲያን አስገኘ ይላሉ። እንግዲያው ያስቀየምከው ወንድም ዛሬ ባያቅፍህም ተስፋ አትቁረጥ፤ ያስቀየመሽንም ስለ እርሱ ከመጸለይ አትቦዝኚ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት በየሰንበቴውና በየጽዋ ማኅበሩ ያላችሁ ሙሴዎች (የማኅበር መሪዎች)ና ጸሐፊዎች መዝገባችሁን ግለጡ፤ ከፒያሳም ከካዛንቺስም ተነሥተው ሩቅ የሄዱትን፣ የታመሙትን፣ መዋጮ ያቃታቸውን በስማቸው ጥሩና ደውሉላቸው። መሄድ የሚችል ይሂድ፤ ካህን እንዲመጣላቸው የሚሹ ካሉም ለንስሐ አባታቸው ይነገር። ቂም የያዝን ደግሞ ከመቍረባችን በፊት እንታረቅ፤ «ንጹሕ የሆነ ከቍርባኑ ይቀበል» የሚለው ድምፅ በየቅዳሴው የሚሰማው ለእኛ ነውና።

የእኚያ እናት ስም ወደ መዝገቡ ተመልሷል። ተራቸውም ከጾሙ በፊት ባለው የመጨረሻ ሰንበት ነው፤ ድፎውን እኅቶቻችን ይጋግሩላቸዋል፣ እሳቸውን ደግፈን ከመኪና የምናወርዳቸው ያ ወንድሜና እኔ ነን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።