ጃሶ ኤም ኤ ምንድን ነው? የባለሦስት እግር ሞተርሳይክል ዘይት ነገር

የቶዮታውን ዘይት በራሱ ደጃፍ ሲቀይር የኖረ ሰው ባለሦስት እግር የጉዞ ሞተርሳይክል ሲገዛ በቀላሉ የሚሠራት አንዲት ስህተት አለች። ከመኪናው የተረፈውን ጥሩ፣ ውድ፣ ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት አንስቶ ይሞላል። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ያው ነው፤ ሙቀቱም ያው። ከጊዜ በኋላ ግን ሻንጣውን ጭኖ፣ ባለቤቱን ከኋላ አስቀምጦ የቨርጂኒያን ስካይላይን ድራይቭ ሽቅብ ሲወጣ፣ ጋዝ በሰጠው ቁጥር ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። ሞተሩ አለቀለት ብሎ ይደነግጣል። ሞተሩ ደህና ነው። የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ ነው፤ ምክንያቱም በዘይቱ ጠርሙስ ጀርባ ላይ መኖር የነበረበት አንድ ጽሑፍ አልነበረም፦ ጃሶ ኤም ኤ።

ጃሶ የጃፓን የመኪና ደረጃዎች ድርጅት ምሕጻር ነው። ይህ ድርጅት በ1998 (የዘመን ቁጥሮቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ቲ 903 የተባለውን የባለ አራት ምት ሞተርሳይክል ዘይት ደረጃ አወጣ። ደረጃው ዘይቶቹን በሁለት ይከፍላል፤ ኤም ኤ እና ኤም ቢ። ኤም ኤ ማለት በአጭሩ «ይህ ዘይት ፍሪሲዮን ቢነክር ፍሪሲዮኑ አይንሸራተትም» ማለት ነው። ብዙ ሰው እንደሚያስበው «ይህ ዘይት ከሌላው ይበልጣል» ማለት አይደለም። የኋለኛው አረዳድ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፣ አንዳንዴም የፍሪሲዮን ሸራ ያስበላል።

ፍሪሲዮን ለምን ዘይት ውስጥ ይገባል? የመኪናን አሠራር ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ ነው። ማንዋል መኪና ላይ የሞተሩ ዘይት ሌላ፣ የካምቢዮው ዘይት ሌላ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ዘይት ከነካው ተበላሸ ማለት ነው። ሞተርሳይክል ላይ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም ባብዛኛው በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ የሚጠጡትም ከአንድ ማሰሮ ነው። ፍሪሲዮኑ እንደ ሳንቲም የተደራረቡ በርካታ ስስ ሳህኖች ነው፤ አንዱ ሸራ የለበሰ፣ አንዱ ልሙጥ ብረት እያለ ይቀጥላል። ስፕሪንግ ሲጫናቸው ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ፤ ሲለቃቸው አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ዘይቱ በመካከላቸው እየፈሰሰ ያቀዘቅዛቸዋል። እዚህ ላይ ነው የሚያስቸግረው ተቃርኖ፦ ያው ዘይት ለፒስተንና ለካምሻፍት «ተንሸራተቱ» ማለት፣ ለፍሪሲዮን ደግሞ «ተያያዙ» ማለት አለበት።

ለረጅም ጊዜ ይህ ችግር አልነበረም፤ የመኪና ዘይትና የሞተርሳይክል ዘይት እምብዛም ስለማይለያዩ የመኪናውን ገዝቶ መሙላት ይቻል ነበር። ነገሩን የለወጠው ነዳጅ ቁጠባ ነው። የመኪና አምራቾች በአንድ ጋሎን የሚኬደውን ማይል ለመጨመር ሲሉ ዘይቱ እንዲቀጥንና እንዲያንሸራትት ፈለጉ፤ ዘይት ሠሪዎችም እንደ ሞሊብዲነም ውህድ ያሉ ሰበቃ ቀናሽ ቅመሞችን ጨመሩ። መኪናው ተጠቀመ፤ ዘይት ውስጥ የሚኖረው ፍሪሲዮን ተጎዳ። በዚያው ላይ የጭስ ማጣሪያውን እንዳይመርዝ ሲባል ፎስፈረስ ተቀነሰ። ፎስፈረሱ የሚመጣው ብረት ከብረት ሲፋተግ ከሚጠብቀው የዚንክ ቅመም ነው። የአሜሪካው የነዳጅ ተቋም ኤ ፒ አይ በ2004 ያወጣው፣ ኤስ ኤም የተባለው የመኪና ዘይት ደረጃ ለቀጫጭኖቹ ዘይቶች ጣሪያውን 0.08 በመቶ አደረገው። ጃሶ ኤም ኤ ደግሞ ከ0.08 በታች እንዳይወርድ፣ ከ0.12 በላይ እንዳይወጣ ይላል። ለመኪናው ጣሪያ የሆነው ለሞተርሳይክሉ ወለል ነው።

ጠርሙሱን ስትገዙ ስለዚህ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው ጀርባው ላይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ የሚታተመው የጃሶ ምልክት ነው። ሁለተኛው የኤ ፒ አይ ክብ ምልክት ነው፤ በክቡ ታችኛ ግማሽ «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» ወይም በቀድሞው አጻጻፍ «ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ» (ነዳጅ ቆጣቢ እንደ ማለት ነው) የሚል ካለ መልሱት። ብዙዎቹ 0 ደብሊው 20 እና 5 ደብሊው 30 የመኪና ዘይቶች ይህ ጽሑፍ አላቸው። «ሲንተቲክ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል» የሚባለው ግን ወሬ ነው። የሚያንሸራትተው ቅመሙ እንጂ የዘይቱ መሠረት አይደለም፤ ሙሉ ሲንተቲክ ሆኖ ኤም ኤ የሆነ ሞልቷል። እንዲያውም ለናፍጣ መኪና ተብለው በትልቅ ጀሪካን ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ኤም ኤ ያሟላሉ፤ ረጅም መንገድ የሚሄዱ ባለሞተሮች እነሱን የሚወዱት በዋጋቸው ነው።

ኤም ኤ የሚሰጠው በሙከራ ነው። ዘይቱን እውነተኛ የፍሪሲዮን ሳህኖች ባሉበት ማሽን ውስጥ ያስገቡትና ሦስት ነገር ይለካሉ፦ ሳህኖቹ እየተንሸራተቱ ሳለ ምን ያህል እንደሚያያዙ፣ ከቆሙ በኋላ ለመላቀቅ ምን ያህል እንደሚከብዱ፣ ለመቆም ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጁ። በ2006 ኤም ኤ ራሱ ለሁለት ተከፈለ፤ ኤም ኤ 2 አጥብቆ የሚያያዘው፣ ኤም ኤ 1 ለዘብ ያለው ነው። ኤም ቢ ፍሪሲዮናቸው ዘይት ለማይነካው ስኩተሮች የሚሆን ነው።

ከባለሦስት እግሮቹ ማንኛው ነው ይህን ዘይት የሚፈልገው? የካናዳው ካን አም ስፓይደር ፊት ለፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ጎማ ያለው ነው። በ2007 ለሕዝብ ታየ፤ ሞተሩን የሚሠራው የኦስትሪያው ሮታክስ ነው፤ መጀመሪያ 990 የተባለው ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ከ2014ቱ አር ቲ (የረጅም ጉዞው ሞዴል) ጀምሮ ደግሞ 1330 የተባለው ባለ ሦስት ሲሊንደር። የሆንዳ ጎልድ ዊንግ ከፋብሪካ ሁለት እግር ሆኖ ይወጣና የኋላው በሌላ ድርጅት ዕቃ ተቀይሮ ሦስት እግር ይሆናል፤ እሱም ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩና ፍሪሲዮኑ አንድ ዘይት ይጋራሉ። ለየት የሚለው በ2009 ሞዴል የጀመረው የሃርሊ ዴቪድሰን ትራይ ግላይድ ነው፤ ለሞተሩ፣ ለካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ ላለበት ክፍል የተለያየ መሙያ ቀዳዳ አለው። ሦስት ቀዳዳ ሥራ ያበዛል ብለው የሚያማርሩ አሉ። እኔ ግን በዚህ አሠራር እቀናለሁ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ያገኛል።

አንድ ዘይት መጋራት ሌላም መዘዝ አለው፤ ስለ ሞተር ዕድሜ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይሄ ነው። የካምቢዮ ጥርሶች ዘይቱን ያኝኩታል። ዘይት ሲሞቅ እንዳይቀጥን የሚረዱት ረጃጅም የፖሊመር ሰንሰለቶች በጥርሶቹ መካከል ይቆራረጣሉ፤ ስለዚህ የውፍረት ቁጥሩ 40 ሆኖ የገባው ዘይት ከጥቂት ሺህ ማይል በኋላ ወደ 30 ሊወርድ ይችላል። መኪና ላይ 10,000 ማይል የቆየ ዘይት እዚህ ያን ያህል እንዲቆይ መጠበቅ የዋህነት ነው። ሆንዳ ለጎልድ ዊንግ 8,000 ማይል ይላል። ለሮታክስ 1330 የተጻፈው 9,300 ማይል ወይም አንድ ዓመት ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው። «ወይም አንድ ዓመት» የምትለዋን የማያነብ ብዙ ነው። በክረምት ከጋራዥ ወጥቶ እስከ ቡና ቤት ብቻ የሚሄድ ሞተር ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ ውስጡ የተጠራቀመው እርጥበትና ነዳጅ ተንኖ አይወጣም። ማይሉ ትንሽ ነው፣ ዘይቱ ግን አርጅቷል።

ከፊል አውቶማቲክ የሆነው ስፓይደር ላይ ደግሞ ዘይቱ አራተኛ ሥራ አለው፤ ማርሽ የሚቀየረው በራሱ በሞተሩ ዘይት ግፊት ነው። በ990ው ለዚሁ ክፍል የተለየ ሁለተኛ ፊልትሮ አለ። አንዱን ቀይረው ሌላውን ሳያዩ ዓመታት የነዱ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ መኖሩን አያውቁም ነበር።

ቤት ውስጥ መቀየሩ ራሱ ከባድ አይደለም። የሚያስመርረው የስፓይደር አር ቲን የፕላስቲክ ልብስ ማውለቅ ነው፤ ከዘይቱ ይልቅ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው፣ ብሎኖቹንም ከየት እንደወጡ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይሻላል። ከሥር ስለሚጠብብ በመወጣጫ ወይም በክሪክ ከፍ አድርጉት፤ በክሪክ ብቻ በቆመ ነገር ሥር ግን አትግቡ፣ መደገፊያ አስገቡ። ሞተሩን ትንሽ አሙቁና አፍስሱ፤ ቀዝቃዛ ዘይት ቆሻሻውን ጥሎ ይወጣል። የማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ካለው ጫፉን እዩ። ግራጫ ቅባት የመሰለ ዱቄት ያለ ነው፤ የጥርስ ቁራጭ ወይም በጣት የሚያዝ ስንጣሪ ካለ ግን ሞተሩን አታስነሱ። ሮንዴላውን ቀይሩ። ብሎኑን በቶርክ መፍቻ በመመሪያው ቁጥር ልክ እሰሩ፤ የአሉሚኒየም ጥርስ በጉልበት ከተበላ የሚከተለው ወጪ ከዘይቱ ጋር አይወዳደርም።

ልኬቱ ላይ ሦስት እግር መሆኑ ይጠቅማል፤ እንደ ሁለት እግሩ በመደገፊያው ላይ ስለማያዘነብል ሜዳ ላይ ከቆመ ዘይቱም ሜዳ ነው። የቤታችሁ ደጃፍ ግን ወደ ጎዳናው ተዳፋት ከሆነ ልኬቱ ያሳስታል። ሮታክስ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። በ990ው ዘይቱ የሚቀመጠው በተለየ ታንክ ነው፤ ሞተሩ ሲያድር ከፊሉ ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አንድ ሰው መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ «ጎድሏል» ይልና ይጨምራል። የተረፈው ዘይት በኋላ ወደ አየር መሳቢያው ይሄድና አየር ፊልትሮውን ያርሰዋል። 990ም ሆነ 1330 የሚለካው ከተነዳ በኋላ፣ ሙቅ ሳለ ነው።

ራሳችሁ ከቀየራችሁ ዋስትናው ይቀርብናል ብላችሁ አትስጉ። አሜሪካ ውስጥ በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ አገልግሎቱ በእሱ ጋራዥ ስላልተደረገ ብቻ ዋስትና እንዲነፍግ አይፈቅድለትም። ደረሰኙን፣ ቀኑንና ማይሉን ግን ያዙ፤ የጠርሙሱን ጀርባም ፎቶ አንሱት።

አገር ቤት ያለው ባጃጅም እዚሁ ታሪክ ውስጥ ነው። ባለ አራት ምቱ ባጃጅ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋሩት ያንኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮን እየተያዘና እየተለቀቀ ሰው ሲጭንና ሲያወርድ ለሚውል ሞተር ጉዳዩ ከስፓይደሩ ይብሳል። «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ ከቤት መኪና የተረፈውን የሚሞላ ሰው ካለ ይህን ንገሩት።

የተሳሳተውን ዘይት አስቀድሞ የሞላው ያ ሰውዬስ? መጀመሪያ ያረጋግጥ። ሞተሩ ሲሞቅ በከፍተኛው ማርሽ በመካከለኛ ፍጥነት እየሄደ ጋዙን በአንዴ ይክፈት፤ የሞተሩ ዙር ብድግ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ዘይቱን ሙቅ እያለ ያፍስስ፣ ፊልትሮውን ይቀይር፣ ኤም ኤ የሆነውን ይሙላ፣ ጥቂት መቶ ማይል ሸክም ሳያበዛ ይንዳ። ሸራው ውስጥ የቀረውን ለማጠብ አንድ ተጨማሪ ቅያሬ የሚያደርጉም አሉ፤ በእኔ በኩል ገንዘቡ አይቆጨኝም። ሸራው እየተንሸራተተ ብዙ ካልተነዳበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ከተቃጠለ ግን ሽታው ራሱ ይናገራል፤ የወጣው ዘይት የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። ያን ጊዜ ሳህኖቹን መቀየር ነው።